«ማይ ከዘን ቪኒ»ን ለሕግ ተማሪዎች እናሳይ ወይስ እንተወው? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎችን የፊልም ምሽት አስተባብራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን ‹ማይ ከዘን ቪኒ› የተባለ የፍርድ ቤት ኮሜዲ ልናሳይ አስበን የተመልካቾችን አስተያየት ስናነብ ግራ ገባን። አንዱ ‹እንደሱ ትክክለኛ የችሎት ፊልም የለም› ይላል። ሌላው ‹የአሜሪካን የደቡብ ግዛቶች ሰው እንደ ደንቆሮ ገጠሬ ያሳያል፣ ስድብ ነው› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹መጨረሻው ተረት ነው፣ የተዋናይቷም ኦስካር በስህተት የተሰጠ ነው› ብሎ ይዘጋዋል። ማንን እንመን? ተማሪ ቢያየው ይጠቀማል ወይስ ይሳሳታል? የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍም (ሰብታይትል) ልንሠራለት ነው።»

አስተያየቶቹ የሚጋጩ የሚመስሉት ሁሉም ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ስለሚመስለን ነው። «ትክክለኛ ነው» የሚለው ተመልካች የሚያወራው ስለ ምስክር አጠያየቅና ስለ ማስረጃ ነው። «ተረት ነው» የሚለው ስለ ሥነ ሥርዓቱና ስለ ጊዜው ነው። ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው። «ስድብ ነው» የሚለው አብዛኛውን ስቷል፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን እውነት አለው። የኦስካሩ ወሬ ከሥሩ ሐሰት ነው። ፊልሙ ይታይ፤ ሲታይ ግን እየቆመ ይታይ። የት የት መቆም እንዳለበት ወደ ታች እናገራለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ኢትዮጵያዊ የሆነውን ሕግ ካነሳሁበት ቦታ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ቢልና ስታን የተባሉ ሁለት ከኒው ዮርክ የመጡ ተማሪዎች በመኪና አላባማን ሲያቋርጡ መንገድ ዳር ሱቅ ይገባሉ፤ ቢል አንድ ጣሳ ቱና ሳይከፍል ኪሱ ከቶ ይወጣል። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሻጩ ተገድሎ ይገኛል። ፖሊስ ሲይዛቸው ስለ ቱናው መስሏቸው ጥፋታቸውን ያምናሉ። ጠበቃ የሚቀጥሩበት ገንዘብ ስለሌላቸው የቢል የአጎት ልጅ ቪኒ ጋምቢኒ ከብሩክሊን እጮኛውን ሞና ሊሳ ቪቶን ይዞ ይመጣል። የጥብቅና ፈተናውን ያለፈው በ6ኛ ሙከራው ነው፤ ካለፈ ገና 6 ሳምንቱ ነው፤ ችሎት ላይ ቆሞ አያውቅም። ክሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ ወንበር የሚያስቀጣ ነው። ዳይሬክተሩ ጆናታን ሊን እንግሊዛዊ ሲሆን በካምብሪጅ ያጠናው ሕግ ነው፤ ይህ ደግሞ በችሎቱ ትዕይንቶች ላይ ጎልቶ ይታያል።

ፊልሙ በሕግ ሰዎች ዘንድ ስሙን ያተረፈው በመስቀለኛ ጥያቄው፣ ማለትም ጠበቃ የተቃራኒውን ወገን ምስክር በሚጠይቅበት ክፍል ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር መጽሔት በ2008 ምርጥ ያላቸውን የሕግ ፊልሞች ሲዘረዝር 3ኛ ላይ አስቀምጦታል። ሜሪክ ጋርላንድ የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ በ2019 የጻፉትን አንድ ውሳኔ የከፈቱት የዚህኑ ፊልም የቁርስ ጥያቄ በማስታወስ ነው፤ በያዙት ጉዳይም ምስክሮች የተናገሩት የጊዜ ቅደም ተከተል አልገጥም ብሎ ነበርና።

የቁርሱን ጥያቄ ቀረብ ብለን እንየው። ቲፕተን የተባለው ምስክር ወጣቶቹ ሱቁ ሲገቡ ያያቸው ቁርሱን መሥራት ሲጀምር ነው፤ ሊበላ ሲቀመጥ ተኩስ ሰምቶ ቀና ሲል ሲወጡ አያቸው። በመካከሉ ያለፈው 5 ደቂቃ ነው ይላል። ቪኒ «ትዋሻለህ» አይለውም። ቁርሱ ምን ነበር ይለዋል። እንቁላልና ግሪትስ። ግሪትስ የተሰበረ በቆሎ በውሃ ተቀቅሎ የሚበላ የደቡብ ግዛቶች ቁርስ ነው፤ የኛን ቅንጬ በበቆሎ ተሠርቶ ማሰብ ነው። ተራው ነው ወይስ በፋብሪካ አስቀድሞ በስሎ በደቂቃ የሚደርሰው? ምስክሩ የአገሩ ልጅ ነውና ራሱን የሚያከብር የደቡብ ሰው የፋብሪካውን እንደማይነካ በኩራት ይመልሳል። ተራው ግሪትስ ግን እስኪበስል 20 ደቂቃ ይፈጃል። እንግዲህ ወይ የእሱ ምድጃ ከዓለም ምድጃ ሁሉ የተለየ ነው፣ ወይ 5 ደቂቃው ስህተት ነው። 5 ደቂቃው ከወደቀ ደግሞ ሲገቡ የታዩትና ሲወጡ የታዩት ሰዎች ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ሲስቁ ቅደም ተከተሉ እንዳያመልጣቸው። መጀመሪያ ምስክሩ ጊዜውን በራሱ አፍ እንዲቆርጥ ተደረገ። ቀጥሎ ምንም ጉዳት የሌለው የሚመስል ነገር ተጠየቀ። ከዚያ ማምለጫው፣ ማለትም ቶሎ የሚደርሰው ግሪትስ፣ ለምን እንደተፈለገ ምስክሩ ሳያውቅ ተዘጋ። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን የተቀመጡት በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥና ቪኒ «ግሪትስ እኮ 20 ደቂቃ ይፈጃል» ብሎ ቢጀምር፣ ምስክሩ «እኔ የበላሁት ፈጣኑን ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። ጀማሪ ጠበቃ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ያገኛትን ጥሩ ነጥብ ለማሳየት ይቸኩልና በሩን ሳይዘጋ ይገባል። አንድ ነገር ግን ከቪኒ አይቀዳ። ምስክሩ ከተያዘ በኋላም «አሁንም በ5 ደቂቃው እርግጠኛ ነህ?» እያለ ይገፋዋል። ፊልሙ ላይ ሠራለት። ችሎት ላይ ይህች ተጨማሪ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለምስክሩ ቃሉን ማስተካከያ ዕድል ትሰጠዋለች፤ ነጥቡ በመዝገብ ከገባ በኋላ መቀመጥ ይሻላል።

ሁለተኛውን ምስክር ቪኒ በፎቶግራፍ ይይዘዋል። ሰውየው አየሁበት ያለው መስኮት ቆሽሿል፣ የወንፊት መከለያው ዝጓል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቅጠል የለበሱ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ተደርድረዋል። ሦስተኛዋ ምስክር ወ/ሮ ራይሊ ወፍራም መነጽር ያደረጉ አሮጊት ናቸው። ያዩት ከ100 ጫማ ርቀት፣ ማለትም ከ30 ሜትር ገደማ ነው። ቪኒ ሜትር ዘርግቶ በግማሹ፣ በ50 ጫማ ላይ ቆሞ ሁለት ጣት ያወጣል። እሳቸው አራት ይላሉ። ድምፁን ልብ በሉት፤ ቲፕተንን ያፋጠጠው ሰው ለእሳቸው እንደ እናቱ ነው የሚናገረው። አሮጊት የሚያዋርድ ጠበቃን ጁሪው፣ ማለትም ጥፋተኝነቱን የሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ አይምረውም። ይህ ሙከራ ግን ቁማር ነው። ወ/ሮዋ «ሁለት» ቢሉ ኖሮ ምስክርነታቸውን ያጠናከረላቸው ራሱ ተከላካዩ ይሆን ነበር። የችሎቱ አዳራሽ ብርሃን ከመንገዱ ብርሃን ጋር አንድ አይደለም ብሎ ዐቃቤ ሕግ ሊቃወምም ይችል ነበር። ውጤቱን አስቀድሞ ሳያውቅ ችሎት ላይ ሙከራ የሚያደርግ ጠበቃ የደንበኛውን ሕይወት ያስይዛል።

ይህ ክፍል ለኢትዮጵያ ተማሪም ባዕድ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 137 የመስቀለኛ ጥያቄን ዓላማ ሲያስቀምጥ፣ በዋናው ጥያቄ (ምስክሩን የጠራው ወገን በሚጠይቀው) ከተመለሰው ውስጥ ስህተት፣ አጠራጣሪ ወይም ሐሰት የሆነውን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው ይላል፤ መሪ ጥያቄም፣ ማለትም መልሱን የሚጠቁም ጥያቄ፣ ይፈቅዳል። ቪኒ በሦስቱ ምስክሮች ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ቲፕተን ተሳስቷል፣ መስኮቱ ያጠራጥራል፣ የወ/ሮዋ ዓይን አይደርስም። ከሦስቱ አንዳቸውም ውሸታም ተብለው አልወጡም። ልዩነቱ የሚሰማው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። እዚያ 12 ተራ ሰዎች፣ እዚህ ዳኛ። ለጁሪ የሚደረገው ትዕይንት ለዳኛ አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ወደ መኪናው ልለፍ። የሊሳ ምስክርነት የሁሉም ተመልካች ውድ ክፍል ነው፤ መካኒኮችም በጣም የሚከራከሩት በሱ ላይ ነው። የኤፍ.ቢ.አይ. ባለሙያው ከሱቁ በር የተነሳው የጎማ ምልክት ከልጆቹ የ1964 ቡዊክ ስካይላርክ ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ነው ይላል። ሊሳ ፎቶውን ዓይታ ምልክቱ የስካይላርክ ሊሆን አይችልም ትላለች። ምክንያቷ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ምልክት ጥለዋል። ተራ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ያለው መኪና ነዳጅ ሲረገጥ ኃይሉን የሚለቀው ለቀለለው ጎማ ነው፤ አንዱ ጎማ ይሽከረከራል፣ ሌላው ዝም ይላል። ሁለቱም እኩል እንዲቧጥጡ መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የግራው ጎማ የመንገዱን ጠርዝ ሲወጣ የቀኙ ምልክት ጠፍጣፋነቱን አልለቀቀም። ስካይላርኩ የኋላ አክስሉ (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) ወጥ ነው፤ አንዱ ጎማ ከፍ ሲል አክስሉ በሙሉ ያዘምማል፣ ሌላው ጎማ በጠርዙ ይሄዳል፣ ምልክቱም ይቀጥናል። ይህ ያልታየው የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ መኪና ስለሆነ ነው። ሊሳ ከዚህ ተነሥታ ወደ 1963 ፖንቲያክ ቴምፔስት ትደርሳለች።

የምክንያቱ አካሄድ ጤነኛ ነው። የ1963ቱ ቴምፔስት የኋላ ጎማዎቹ በእርግጥ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ነበሩ፤ በ1964 ፖንቲያክ ወደ ወጥ አክስል ተመልሷል። የመኪና አዋቂዎቹ ተቃውሞም ቢሆን ትክክል ነው። ሊሳ ሁለቱ መኪናዎች ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያላቸው ርቀት እኩል ነው ትላለች፤ ቴምፔስቱ 112 ኢንች፣ ስካይላርኩ 115 ኢንች ነው፤ የ7.6 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ለዲፈረንሻሉ የምትጠራው «ፖዚትራክሽን» የሚለው ስምም የሼቭሮሌት የንግድ ስም ነው፤ ፖንቲያክ የራሱን «ሴፍ-ቲ-ትራክ» ነበር የሚለው። ለተማሪዎቹ ይህንን መንገር ጥሩ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ በእውነት ቢዘጋጅ ኖሮ ሊያጠቃት የሚችለው በነዚህ ነበር።

«እጮኛው እንዴት የባለሙያ ምስክር ትሆናለች?» የሚለው የብዙ ተመልካች ጥያቄ ግን ካለማወቅ የመጣ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ማስረጃ ደንብ 702 ባለሙያ ለመሆን ዲግሪ ግዴታ አይደለም፤ ዕውቀት፣ ክህሎት፣ ልምድ፣ ሥልጠና ወይም ትምህርት ይበቃል። ሊሳ ከመካኒክ ቤተሰብ የወጣች፣ ራሷም ጋራዥ የሠራች ናት። እጮኛ መሆኗ ምስክርነቷ ምን ያህል ይታመን የሚለውን ይነካል እንጂ ከመመስከር አያግዳትም። ዐቃቤ ሕጉ ብቃቷን የፈተነበት ትዕይንትም በትክክል የተሠራ ነው። የ1955 ሼቭሮሌት ባለ 327 ሞተር የማቀጣጠያ ጊዜው ስንት ነው ይላታል፤ ጥያቄው ወጥመድ ነው፣ 327 ሞተር የወጣው በ1962 ነውና። ወጥመዱን ራሷ አውጥታ ታሳየዋለች። ዳኛ ፊት ብቃት የሚረጋገጠው እንዲህ ነው።

«ተረት ነው» ያሉት ተመልካቾች ልክ የሆኑበት ቦታ ደግሞ ይኸው። የሞት ቅጣት የሚያስከትል ክስ ተይዞ በቀናት ውስጥ ለፍርድ አይቀርብም፤ ወራት፣ ብዙ ጊዜም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ከባድ ወንጀል በአላባማ በታላቁ ጁሪ፣ ማለትም ክስ ይመሥረት ወይስ አይመሥረት በሚለው የዜጎች ጉባኤ፣ የክስ ውሳኔ ነው ወደ ፍርድ የሚሄደው፤ ፊልሙ ይህን ዘሎታል። ከሌላ ግዛት የመጣ ጠበቃ የፍርድ ቤቱን ልዩ ፈቃድ ማግኘት፣ ብዙውን ጊዜም የዚያው ግዛት ጠበቃ አብሮት እንዲቆም ማድረግ አለበት። በአላባማ ሕግ ፍርድ ቤት ለእንዲህ ያለ ክስ የሚሾመው ጠበቃ ቢያንስ 5 ዓመት በወንጀል ጉዳይ የሠራ መሆን አለበት፤ ይህ ግን ተከሳሽ ራሱ በመረጠው ጠበቃ ላይ አይሠራም፣ ቪኒ በዚህ ሊያልፍ ይችል ነበር። የማያልፍበት ስሙ ነው። ቪኒ ልምድ ያለው መስሎ ለመታየት የሌላ ጠበቃ ስም ይጠቀማል፤ ሰውየው ሞቷል ሲባል ስሙን ያጣምማል። ፍርድ ቤትን ሆን ብሎ መዋሸት ፈቃድ የሚያስነጥቅ ጥፋት ነው። ፊልሙ በደስታ ዘግቶታል፤ ተማሪ ግን ይህን ቀልድ ብቻ አድርጎ ይዞ እንዳይወጣ።

የኤፍ.ቢ.አይ. ባለሙያው በድንገት ሲመጣም ቪኒ ያቀረበው ተቃውሞ በሕግ ልክ ነው፤ ዳኛው ተቃውሞው በደንብ የታሰበ መሆኑን መስክረው ውድቅ ያደርጉታል። በእውነተኛ ችሎት ቢያንስ የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ካልተሰጠም ይህ ብቻውን የይግባኝ ምክንያት ነው። ስለ ማስረጃ መግለጥ የተነገረውም ከልክ ያለፈ ነው። ሊሳ መጽሐፍ ከፍታ ዐቃቤ ሕግ ያለውን ሁሉ መስጠት ግዴታው ነው ትለዋለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 የወሰነው የብሬዲ ጉዳይ ግዴታ ያደረገው ለተከሳሹ የሚጠቅመውን ማስረጃ መስጠት ነው፤ ከዚያ ያለፈው በየግዛቱ ደንብ ይለያያል። በቀዳሚ ምርመራው ቪኒ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ መቀመጡም እንደ ቀልድ ታልፏል። ቀዳሚ ምርመራ ምስክር በቃሉ የሚታሰርበት ርካሹ አጋጣሚ ነው፤ እዚያ ዝም ያለ ጠበቃ በኋላ ላይ ዋጋ ይከፍላል።

የመጨረሻው፣ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ፈገግ ብሎ ማንሣቱ፣ «ሊሆን አይችልም» ተብሎ ከሁሉ በላይ የተተቸ ነው። እዚህ ላይ ተመልካቾቹ ሊታረሙ ይገባል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1935 የበርገር ውሳኔ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ማሸነፍ ሳይሆን ፍትሕ መፈጸሙን ማየት ነው ይላል። የራሱ ባለሙያ ቃሉን ለውጦ፣ ሸሪፉም በጆርጂያ ሁለት ሰዎች በተሰረቀ ቴምፔስት መያዛቸውንና የግድያው ዓይነት መሣሪያ መገኘቱን አረጋግጦ ሳለ ክሱን መቀጠል ነበር ነውሩ።

አሁን ወደ ባህሉ ግጭት። «የደቡብን ሰው ይሰድባል» የሚሉት ሰዎች ቀልዱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይከተሉ። በጥቁር የቆዳ ጃኬት ችሎት የሚገባው፣ በፋብሪካ ፉጨት፣ በአሳማ ጩኸትና በባቡር እንቅልፍ የሚያጣው፣ በመጨረሻ ደህና የሚተኛው ሁካታ በሞላው እስር ቤት የሆነው የከተማው ሰው ነው። ሸሪፉ ሥራውን ያውቃል፣ ዐቃቤ ሕጉ ጨዋ ነው፣ ዳኛው ሕጉን ጠንቅቀው የያዙ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን ክሱ የተረታው በአገሬው ዕውቀት ነው። ቪኒ አላባማ ሲደርስ ግሪትስ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ያስረዳዋል። መኪናውም ጭቃ ውስጥ ይዋጣል። እነዚያ ሁለት ውርደቶች ናቸው በኋላ ቁልፍ የሆኑት፤ ቲፕተንን በግሪትሱ ያዘው፤ ሊሳም ዲፈረንሻሉን ለጁሪው ያስረዳችው በአላባማ ጭቃ የተያዘ መኪና አንዱ ጎማው ብቻ እንደሚሽከረከር በማስታወስ ነው፤ ጁሪው ያንን ከሷ በላይ ያውቃል። እንግዳው ያሸነፈው አገሩን ሰምቶ ነው። ይህን ፊልም ስድብ ብሎ መጥራት ግማሹን አይቶ መነሣት ነው።

ቅሬታው ልክ የሆነባቸው ሁለቱ ቦታዎች ግን አይሸፈኑ። አንደኛው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃው ትዕይንት ነው። ሰውየው ችሎት ፊት ሲቆም ይንተባተባል፣ ሳቁም በመንተባተቡ ላይ ብቻ ነው የቆመው፤ ስለ ባህል ግጭትም ስለ ሕግም የሚናገረው የለም። ተዋናዩ ኦስቲን ፔንድልተን ራሱ መንተባተብ ያለበት ሰው ነው፤ ይህ ግን ቀልዱን አያስተካክለውም። በተማሪዎቻችሁ መካከል የሚንተባተብ ካለ አዳራሹ ሲስቅ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሁለተኛው ዘር ነው። የአላባማ ፍርድ ቤት፣ የሞት ቅጣት፣ የዓይን ምስክር ተነሥቶ ስለ ጥቁርና ነጭ በቁም ነገር አንዲት ቃል አይነሣም። ጁሪ በዘር እየተመረጠ እንዳይገለል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በባትሰን ጉዳይ የወሰነው በ1986፣ ፊልሙ ሊወጣ 6 ዓመት ሲቀረው ነው። ፊልሙ ይህን ትቶ ነው ቀላል የሆነው፤ ለተማሪ ሊነገረው ይገባል።

ስለ ኦስካሩ ብዙ አልልም። ማሪሳ ቶሜይ በ1993 የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማት ስትወስድ ስሟን ያነበበው ጃክ ፓላንስ ነበር፤ ተሳስቶ ነው ያነበበው የሚል ወሬ እስከዛሬ ይዞራል። ድምፁን የሚቆጥሩት የሒሳብ ባለሙያዎች ከመድረኩ ጀርባ ይቆማሉ፤ የተሳሳተ ስም ከተነበበ ወጥተው ማረም ሥራቸው ነው። በ2017 የምርጥ ፊልም አሸናፊ ተሳስቶ ሲነበብ የሆነውም ይኸው ነው፤ እዚያው መድረክ ላይ ታረመ። የቶሜይ አልታረመም፣ የሚታረም አልነበረውምና።

እንግዲህ አሳዩት፤ በሦስት ቦታ ግን አቁሙት። መጀመሪያ፣ ቢል ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ቃል ሰጥቶ ካበቃ በኋላ፤ ተማሪዎቹ ምን ብሎ እንደተናገረ በወረቀት ይጻፉና ያስቀምጡት። ሁለተኛ፣ ቲፕተን በዋና ጥያቄ ተናግሮ ቪኒ ሊነሣ ሲል፤ ለ10 ደቂቃ እያንዳንዱ 6 የመስቀለኛ ጥያቄ ይጻፍ፣ ከዚያ ከቪኒ ጋር ያስተያይ። ሦስተኛ፣ ሊሳ ምስክር ሳጥን ውስጥ ስትገባ፤ ባለሙያ ተብላ ልትሰማ ይገባል ወይስ አይገባም በሚል ይከራከሩ። ፊልሙ 2 ሰዓት ያህል ነው፤ ከነውይይቱ ከ3 ሰዓት ተኩል ያነሰ አትመድቡ። ስድብ የሞላበት መሆኑን በማስታወቂያው ላይ ጻፉ፤ ለአዋቂ የተመደበው በቋንቋው ምክንያት ነው። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ካለ አስቀድሞ ይወቅ።

የግርጌ ጽሑፉ ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። «ግሪትስ» ሲመጣ «የበቆሎ ቅንጬ» በሉት፤ «ገንፎ» ካላችሁት የማብሰያው ክርክር ይላላል። ቪኒ በእንግሊዝኛ «ወጣቶች» ለማለት «ዩትስ» ብሎ ዳኛው «ዩት ምንድን ነው?» የሚሉበትን ቦታ በአንድ የኢትዮጵያ አካባቢ አነጋገር ለመተርጎም አትሞክሩ። በፊልሙ ውስጥ የብሩክሊን አነጋገር ነው የሚሳቅበት፤ እናንተ የአገራችሁን ሰው ቋንቋ ከተካችሁበት አዲስ ስድብ ፈጠራችሁ። «ዩቶች» ብላችሁ ድምፁን አስቀምጡ፣ ቪኒ ሲያስተካክለው «ወጣቶች» ይግባ፤ ይገባል።

ከሁሉ የከበደው የእምነት ቃሉ ነው። ሸሪፉ ሻጩን መቼ እንደገደለው ሲጠይቀው ቢል የግድያ ነገር ሲነሣ ገና መስማቱ ነውና በድንጋጤ «እኔ ገደልኩት?» ይላል። በኋላ ችሎት ላይ ሸሪፉ ያንኑ ቃል ከማስታወሻው በቀዝቃዛ ድምፅ «እኔ ገደልኩት» ብሎ ያነበዋል። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ጥያቄን በድምፅ ብቻ ማውጣት እንችላለንና። ተርጓሚ ግን ግልጽ ላድርገው ብሎ «ገደልኩት እንዴ?» ካለ ነገሩ ተበላሸ፤ «እንዴ» በጽሑፉ ላይ ስለሚቆይ ሸሪፉ ሲያነበው ጥያቄነቱ ይታወቃል። ሁለቱ ቦታ ላይ ቃሉ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፣ መጀመሪያ በጥያቄ ምልክት፣ በኋላ በአራት ነጥብ።

ይህች ትዕይንት ከፊልሙ ሁሉ ለሕይወት የምትቀርብ ናት፤ በተለይ አሜሪካ ላሉ አማርኛ ተናጋሪዎች። በሁለተኛ ቋንቋ የተሰጠ ቃል ድምፁ ይጠፋና ቃሉ ብቻ መዝገብ ላይ ይቀራል። ጉዳይ የገጠመው ዘመድ ያለው ተመልካች ከቪኒ ድፍረት እንዳይቀዳ አስጠንቅቁት። በአሜሪካ ሕግ ጠበቃ መጠየቅ በግልጽ ቃል መሆን አለበት፤ በ1994 የዴቪስ ጉዳይ «ምናልባት ጠበቃ ባናግር» የሚለው አነጋገር ምርመራውን አያስቆምም ተብሏል። ዝም የማለት መብትም በ2010 የቶምፕኪንስ ውሳኔ መሠረት ዝም በማለት ብቻ አይያዝም፤ ዝም እንደሚል መናገር ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚባለው «ጠበቃ እፈልጋለሁ፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ በፊት አልናገርም» ነው፤ ያለ «ምናልባት» እና ያለ ጥያቄ ድምፅ። በኢትዮጵያም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብቱን፣ በአንቀጽ 20 ክሱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብቱን ደንግጓል። ከፊልሙ በኋላ ያን መጀመሪያ የጻፉትን ወረቀት አስወጧቸውና ስንቱ የጥያቄ ምልክቷን እንደጻፋት ቁጠሩ።